ፋኖሱ የወደቀበት ድልድይ

ፋኖሱ መሞቱን የሰማሁት ልጆች ወልጄ፣ ፀጉሬም መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። መርዶውን የነገረኝ ዘመድ አይደለም። ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ከፊቴ አስቀምጬ ነው የሰማሁት። የምተዳደረው የውጭ ፊልሞችን ወደ ቋንቋችን በመመለስ ነው። አለቃዬ አንድ አሮጌ ተከታታይ ፊልም ሰጠኝና፣ «ይሄን ሳታውቂው አትቀሪም፤ በልጅነታችን ሰዉን ሁሉ ያሳበደ ነው» አለኝ። ርዕሱን ሳየው ሳቄ መጣ። «የጭጋግ በር» ይላል። እንዴት አላውቀውም፣ በእሱ አይደል ያደግኩት። የመጨረሻውን ምዕራፍማ ዓይኔን ጨፍኜ ልተርከው እችል ነበር።

ጉረኛ ነኝና ሥራውን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክፍል ሳይጋመስ ወታደሮች ከድልድዩ ሥር አንድ ሬሳ ጎትተው አወጡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አየውና «ፋኖስ ያዡ ልጅ ነው፤ ቅበሩት» አለ። ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። ደግሜ መለስኩት። ያው ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፋኖሱ የምንለው ያ ልጅ፣ እኔ እስከማውቀው በሕይወት ነበረ። አርጅቶ ነው የመጣው። በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በገዛ ጆሮዬም ሰምቼዋለሁ።

ቤታችን ስፌት ቤት ነበር። ከመንገድ የሚገባበት ትልቁ ክፍል የእናቴ ሥራ ቦታ ሲሆን፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ እንተኛለን። አባቴን አላውቀውም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። የእናቴ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ነው፤ የመተኮሻው ጠረጴዛ በጓዳው በር በኩል፤ መሃል ላይ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ። የእኔ አገር ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ከላይ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ጨርቅ ፍራሼ ነው፣ የወዳደቀ ስፒል በማግኔት መልቀም ደግሞ ሥራዬ። ከዚያ ሆኜ የሰው እግር አያለሁ፣ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን አልተማርኩም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይከፈታል። የሚሰበሰበው ሰው ብዙ አይደለም። ልብስ የሚተኩስልን ሰውዬ አለ፤ ከካውያው እንፋሎት ውስጥ ስለማይወጣ ጋሽ እንፋሎት ነው የምንለው፤ ስሙን እስከ ዛሬም አላውቅም። ጎረቤታችን ነርሷ አለች፤ ከሥራ ስትመጣ ነጭ ጫማዋን በራችን ላይ አውልቃ ትገባለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ አለች። አክስቴ ሆቴል ቤት እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች የፊልሙን ቋንቋ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲዲውን ከአከራዩ ትወስድና ቤቷ ብቻዋን ታየዋለች፤ እሑድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ፣ አንዱን በወንድ ድምፅ፣ አንዷን በንግሥት ድምፅ እያደረገች ትተረጉምልናለች። ያለ እሷ ፊልሙ ለእኛ የዱዳ ጠብ ነበር።

ሕግም ነበረን። አክስቴ እየተረጎመች ያወራ ሰው ቅጣቱ ቁልፍ መትከል ነው። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ስለምትሰፋ የሚተከል ቁልፍ ጠፍቶ አያውቅም። ክርክር የሚፈቀደው አክስቴ «ክፍሉ አለቀ» ካለች በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማን ከማን ያንሳል። ጋሽ እንፋሎት ዘውዱ ለታናሿ ልዕልት ነው የሚገባው ብሎ ካውያውን እንደ ጎራዴ ይዞ ይነሳል። ነርሷ ታናሿ መንግሥት ቀርቶ ቤት አታስተዳድርም ትላለች። ጸሐፊዎቹ ቸኩለዋል፣ የጭጋጉን ምስጢር ረስተውታል፣ ፈረሱ ባለፈው ክፍል ሞቶ ዛሬ ከየት መጣ፣ እየተባለ ይመሻል። እናቴ ብቻ ክርክር ውስጥ አትገባም። እሷ ከፊልሙ የምታየው ልብሱን ነው። ንግሥቲቱ ልጇን ስትቀብር ሁላችን ስናለቅስ እሷ «ያ ኮሌታ ተገልብጦ ነው የተቆረጠው» አለች።

ሁላችን የምንወደው ግን ፋኖሱን ነበር። ከሠራዊቱ ፊት ፊት ፋኖስ ይዞ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ፣ ሲፈራ የሚስቅ ልጅ ነው። እናቴ ባየችው ቁጥር ካፖርቱ ያበሳጫታል። «የግራ ክርኑን ማን ነው እንዲህ የጣፈለት? ያውም በወፍራም ቀይ ክር። እናት የለውም ማለት ነው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ፋኖሱን አብዝቶ ከመውደዱ የተነሳ እንደሱ መራመድ ጀምሮ ነበር። ከእኔ በብዙ ይበልጣል፣ ጢም አውጥቷል፣ ግን የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከጠረጴዛዬ ሥር እየተሳበ ይገባና «ጭጋጉ መጣ፣ ተከተዪኝ» ይለኛል።

ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ፋኖሱ ከድልድይ ወደቀ። ጭጋጉ ዋጠው፣ ፊልሙ አለቀ። እኔ በእንባ ታጠብኩ። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣኝና ፊቴን በጨርቅ ጠረገልኝ።

«ሞኝ አትሁኚ» አለኝ። «ሬሳው ካልታየ አልሞተም። የፊልም ሕግ ነው።»

በማግሥቱ ወደ ሥራው ሄደ። ሐይቁ ላይ አሸዋ የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። ባትሪውን ለእኔ ተወልኝ፣ እስክመለስ ፋኖስ ያዥ አንቺ ነሽ ብሎ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጀልባው ተገለበጠ። አብረውት የነበሩት ዋኝተው ወጡ፣ ወንድሜ አልወጣም። ሐይቁ ሬሳውን አልመለሰም። እኔን «ማዶ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አሉኝ። ማዶ ለእኔ ከሐይቁ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ሰማያዊ ጋራ ስለነበር እምብዛም አልከፋኝም። እናቴ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ጥቁር አልለበሰችም። አልጋውን እንደተነጠፈ ተወችው። የሰፈሩ ሰው ሊያለቅስላት ተዘጋጅቶ፣ እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሰው ፊት ለፊት ደፍሮ አይናገራትም፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ።

እኔ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ክርክር ጀመረች።

የመጨረሻው ምዕራፍ እስኪመጣ ወራት ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሑድ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ይመጣሉ፣ ወሬው ፋኖሱ ሞቷል አልሞተም ነው። አንድ ቀን ነርሷ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ የባለሙያ ቃሏን ሰጠች።

«እኔ ስንቱን ተቀብያለሁ» አለች። «ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው አይተርፍም። ቢተርፍም ቅዝቃዜው አለ። ሰውነት ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ...»

የእናቴ መኪና ቀጥ አለ። በቤቱ ውስጥ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ ጋሽ እንፋሎት ካውያውን የአንድ ተማሪ ኮሌታ ላይ ረስቶት ነበር። ነርሷ ምላሷን ነከሰች። እናቴ ዞር ሳትል «ሬሳውን አይተሻል?» አለቻት፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ነርሷ አላየሁም አለች። በሚቀጥለው እሑድ መጥታ፣ ቁጭ ከማለቷ በፊት፣ «አስቤበት ነበር፤ ጭጋግ እኮ ለስላሳ ነው» አለች። እናቴ እንዴት ያለች ተከራካሪ ናት ብዬ ኮራሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ነርሷ ያን ሳምንት እንቅልፍ የወሰዳት አይመስለኝም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲዲ የመጣ ቅዳሜ አክስቴ ወስዳው ሄደች። እሑድ ስትመለስ ዓይኗ ደም መስሏል። ጉንፋን ይዞኛል አለች። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንዲሉ፣ ፈገግ ብላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ለወንድሜ የጀልባውን ሥራ ያገኘችለት እሷ ነበረች፤ የጀልባዎቹ ባለቤት ሆቴሏ የሚያርፍ እንግዳ ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ያወቅኩት ድምፅዋ መሻከሩን ብቻ ነው።

በረዶ ነበረ፣ ጨለማ ነበረ። ወታደሮቹ አንድ ሰው በግንባሩ እንደተደፋ ከድልድዩ ሥር ጎተቱ። አንደኛው አንድ ነገር ተናገረ። አክስቴ ትንሽ ዘገየች።

«የጠላት ዘበኛ ነው ይላል» አለች። «ልጁን ሲፈልጉ ሌላ ሰው አገኙ። ልጁ የለም፣ አምልጧል ይላል።»

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ለዚህም ቁልፍ አስተክለውኛል። ጋሽ እንፋሎት «ብዬ አልነበረም?» አለና እሱም ተቀጣ። የእናቴን እግር አየሁት። ፔዳሉን እየረገጠች ነበር፤ መኪናው ይሮጣል። ቀና ብዬ ሳይ ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ባዶውን ይሰፋል። ልነግራት አሰብኩና ቅጣቱን ፈርቼ ተውኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ሰው ወደ ፊልሙ ገባ። ጥልቅ ቆብ ያለው ካባ የደረበ፣ በቅሎ የሚስብ፣ ፊቱ የማይታይ ሰውዬ ነው። አክስቴ እሱ ሲመጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በእሷ ትርጉም ይህ ሰው ከጭጋጉ የወጣ ነው፤ ጭጋጉ ስሙን ወስዶበታል፤ ቤቱን እየፈለገ ነው፤ ነገር ግን ደጁ ላይ መብራት በርቶ ካላየ ቤቱ መሆኑን አያውቅም። እንግዲህ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጋሽ እንፋሎት እሱ ነው፣ አረማመዱን እዩት ይላል። ነርሷ በቁመት ይበልጠዋል፣ ግን ሰው በመከራ ይረዝማል ትላለች። ሳቅ ይሆናል። እናቴም ትስቃለች። አንድ ቀን «ትከሻውን እዪው፣ ልብሱ ጠቦታል፤ ሰፋ ተደርጎ ቢቆረጥለት ጥሩ ነበር» አለች። አክስቴ ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

እኔ ከሁሉም የባስኩ ደጋፊ ነበርኩ። ባትሪዬን ማታ ማታ ደጁ ላይ አበራና እናቴ «ድንጋዩን ትጨርሽዋለሽ» ብላ ታስገባኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት አጎቴ መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቃሉ በቤተሰቡ ሁሉ የሚሰማ፣ ቆፍጣና ሰው። ከጠረጴዛው ሥር ያየሁት በደንብ የተወለወለ ጫማውን ነው። ሻይ አልፈልግም አለ። እኔ መኖሬን የሚያውቅ አልመሰለኝም።

«ልጁ ሲገባ ያየ ሰው አለ፣ ሲወጣ ያየ የለም» አላት። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ዓመቱ እየደፈነ ነው። ውሃ የወሰደውን ውሃ ነው የወሰደው። ፍቀጅልንና አልቅሰን እንሸኘው።»

«ሬሳውን አምጣልኝና አለቅሳለሁ» አለች እናቴ።

«እኔስ ልጄ አይደለም? እኔስ አንጀቴ ድንጋይ ነው?» አለ፤ ጫማው አንድ ጊዜ ወለሉን መታ።

አጎቴ ፊልሙን መከታተሉን ስላላወቅኩ በጣም ተገረምኩ። ጥሩ ተከታታይ ግን አልነበረም፣ ዋናውን ነገር ተሳስቷል። ብቅ አልኩ።

«አጎቴ፣ ውሃ አይደለም እኮ» አልኩት። «ጭጋግ ነው። ደግሞ አልሞተም። ሬሳው ካልታየ አልሞተም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ቀስ ብሎ ተንበረከከና ፊቱ ከፊቴ ትይዩ ሆነ። ያ የሚፈራ ሰውዬ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«ልክ ነሽ የኔ ልጅ» አለኝ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ተነሥቶ ሄደ። እኔ ስንት ትልልቅ ሰዎች ያልቻሉትን አጎቴን በክርክር የረታሁ ሆኜ፣ ለሳምንት ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። አሁን ያን ፊት በሕልሜ አየዋለሁ። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ተሳስተሃል ማለቴ ግን አልሞተም።

የመጨረሻው ክፍል የመጣ እሑድ ቤቱ ሞላ። የሲዲ አከራዩ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሟል። አክስቴ ከመጣች ጀምሮ ውሃ ትጠጣለች። ጋሽ እንፋሎት ካውያውን ነቀለ፤ ይህ ሆኖ አያውቅም። እናቴ ብቻ መኪናዋ ላይ ናት፤ አንድ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች።

ጦርነቱ አለቀ፣ ታላቂቱ ልዕልት ነገሠች፣ ነርሷ አሸነፈች፤ ማንም ግን አልጨፈረም። ሁላችን የምንጠብቀው ባለ ካባውን ነው። በመጨረሻ መጣ። በቅሎውን እየሳበ፣ አንድ ደጅ ላይ መብራት ወደሚታይባት ቤት ቀረበ። ቆመ። እጁን አነሣና ቆቡን ገለጠ።

ሽማግሌ ነው። ፀጉሩ በረዶ የመሰለ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ፋኖሱን በምንም የማይመስል ሽማግሌ ነው።

የአክስቴ ድምፅ ጠፋ። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ ተናገረ፤ ተርጓሚ የለውም። ጋሽ እንፋሎት መሬት መሬቱን ያያል። ነርሷ እጇን ጉልበቷ መሃል ወሽቃለች። እኔ እንኳ አንድ ነገር እየፈረሰ መሆኑ ታወቀኝና «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም ቁልፍ አላስተከለኝም።

«እሱ ነው» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ነበር። «እሱ ነው። አርጅቶ ነው። ጭጋግ ውስጥ የቆየ ሰው ቶሎ ያረጃል። ‹እናቴን ንገሯት፣ ደርሻለሁ› ይላል።»

እናቴ ሥራዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ስታይ አየኋት። ብዙ አየችው። ሽማግሌው ሄዶ፣ ስሞች እየወጡ፣ ሙዚቃው እያለቀ እንኳ ታያለች።

«ሽበት ያምርበታል» አለች።

ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀሚሱን አጠፈችው። ለጋሽ እንፋሎት፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ ለነገ ጠዋት ሰዎቹን ጥራልኝ፣ የልጆቼንም አጎት ጥራልኝ፣ ወንበርም ይምጣ አለችው። ጋሽ እንፋሎት እሺ እትዬ አለ። አክስቴ ወደ ጓዳ ሮጠች። ለደስታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሌላስ ምን ላስብ? ፋኖሱ መጥቷል። ሬሳው ካልታየ አልሞተም ያለው ወንድሜ ነው፤ ልክም ሆነ። እናቴ ሰው ጥሩ ካለች፣ ወንበር ይምጣ ካለች፣ ማዶ ያለው ሰው ሊመጣ ነው። ጠዋት ማልጄ ተነሣሁና ለበዓል ብቻ የምለብሰውን ቀይ ቀሚሴን ለበስኩ። ፀጉሬን በውሃ አስተኛሁ። ባትሪዬን ይዤ ደጁ ላይ ቆምኩ። ፀሐይ ወጥቷል፤ መብራት ግን መብራት ነው፣ አበራሁት።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ጥቁር የለበሱ ናቸው። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው የሚመጡት፤ የናፈቀውን ሰው የሚያገኝ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። እኔን ሲያዩ ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ቀሚሴን አይተው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ አንዳንዶቹ ይስሙኛል። ባለቤት ነኝና አስተናገድኳቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» እላለሁ፤ «ገና አልደረሰም።»

ነርሷ መጣች። «ገና አልደረሰም» አልኳት። ነጭ ጫማዋን ማውለቅ ረሳች፤ እንደተጫማች አልፋኝ ገባች። አጎቴ መጣ። እሱንም «ገና ነው» አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኔ ቆመ። የሚመጣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ ብዙ ቆመ።

አክስቴ ከውስጥ ልትወስደኝ ወጣች። ባትሪውን ስታይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከእሷ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊት ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ፈራሁ። እናቴ ተከትላ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ለካ ጠርዙን ስታጥፍ የነበረው ያን ቀሚስ ነው። እናቴ ቀሚሴን ታስለውጠኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላስለወጠችኝም። ኮሌታዬን አቃናችልኝ።

«አልጠፋም?» አለች ባትሪውን እያየች።

«እየበራ ነው» አልኳት።

«ይብራ» አለች።

ማንም ከዚያ አላስነሣኝም። ጥቁር በለበሰ ሰው መሃል እኔ በቀይ ቀሚስ ቆሜ፣ ድንጋዩ አልቆ ባትሪው ቀስ በቀስ እስኪደክም ጠበቅኩ። መቼ እንደገባኝ አላውቅም። በአንድ ቀን አይደለም የገባኝ። ነገር ግን ፋኖሱ መመለሱን ተጠራጥሬ አላውቅም። ወንድሜ ሞቷል፣ ፋኖሱ ደርሷል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ አደግኩ።

እናም ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ ሙሉውን ምዕራፍ በትክክለኛ ቋንቋው አየሁት። ፋኖሱ ከተቀበረ በኋላ ስሙን እንኳ የሚያነሣ የለም። ባለ ካባው ተራ በቅሎ ነጂ ነው፤ ከፋኖሱ ጋር አይተዋወቁም። አክስቴ እሑድ እሑድ ከጎን ቆማ ያን ሁሉ ከራሷ ነበር የምታወጣው። አክስቴ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል፤ ልጠይቃት አልችልም። እናቴ ግን አለች። ልንገራት ወይስ ልተወው ስል ሰነበትኩ። ያቺን ውሸት አምና ልጇን የቀበረች ሴት ናት፤ ከእግሯ ሥር ምንጣፉን ልሳብባት? ደግሞ እሷ እንደ ሞኝ ተታልላ ቀረች ማለቱም አልዋጥ አለኝ።

በመጨረሻ ፊልሙን በኮምፒውተሬ ጭኜ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መኪናው አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ዓይኗ ስለደከመ ቁልፍ ብቻ ትተክላለች፣ በእጇ እየዳሰሰች። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ጀመርኩት። አክስቴ አንዳንድ ቦታ ትርጉሙን ሳታሳስት አልቀረችም አልኩ። እናቴ ክሯን ሳታቋርጥ ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ» አለች። «ልጁ መሞቱን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

ኮምፒውተሩን ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

«እጅጌውን አየሁት እኮ። የመጀመሪያ ቀን። በግንባሩ ደፍተው ሲጎትቱት ክርኑ ላይ ያ ቀይ ክር አለ። ሰው ፊት ሲያይ ያልፈዋል፣ እኔ ስፌት አያመልጠኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ ወጋችው፣ ክሩን ጠመጠመችው።

«አክስትሽ ያን ዓመት ምግብ አይወርድላትም ነበር» አለች። «ፊቴን አታይም። ሥራውን እኔ ነኝ ያገኘሁለት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ስትል ከጓዳው በግድግዳ እሰማታለሁ። እሑድ ቆማ ልጁ አምልጧል ስትለኝ ግን ድምፅዋ መጣ። ለእኔ ስትዋሽ እሷ ትተነፍሳለች። ልክልክላት? ሰው ቀርቶብኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ይቅርብኝ?»

ጋሽ እንፋሎትና ነርሷም ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቋንቋውን ባያውቁም ሰው ያውቃሉ አለችኝ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ አረማመዱን እዩት፣ ያ ሰው በመከራ ይረዝማል፣ አንዱ ሌላውን ላለመጣል የሚደረግ ነበር። አምኖ የተከራከረ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም ጠረጴዛ ሥር ነው።

«እና መጨረሻ ላይ ለምን ተስማማሽ?» አልኩ። «ለምን ሰው ጥሩ አልሽ?»

እናቴ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

«አርጅቶ ነው አለችኝ» አለች። «እህቴ ናት፣ ጨንቋት ያመጣችው ነገር ነው። እኔ ግን አየሁት። ልጄን ሽበት አብቅሎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ በሰላም አርጅቶ አየሁት። የትኛዋ እናት ናት ይህን የምታየው? ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ቀበርኩ። ልጅ መቅበር ነው ያቃተኝ እንጂ ሽማግሌ ይቀበራል።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን አቀፍኩት። ጭንቅላቴን መታ መታ አደረገችኝና፣ በይ ካመጣሽው ክፈችው አለች፤ መጨረሻውን ብቻ። ከፈትኩ። ዓይኗ ብዙ አይለይም፤ ወደ ድምፁ ነው ያዘነበለችው። ላስረዳት ስሞክር፣ ፊልም እየታየ ወሬ የለም፣ ቁልፍ ትተክያለሽ አለችኝ። ባለ ካባው መጣ። ደጁ ላይ ቆመ። ቆቡን ገለጠና ተናገረ።

የሚለውን በደንብ እሰማለሁ። ለአለቃዬ ጽፌ አስረክቤዋለሁ። «በቅሎዬን ውሃ አጠጡልኝ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው» ነው የሚለው።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

ተነሥቼ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆምኩ።

«‹እናቴን ንገሯት፣ ደርሻለሁ› ይላል» አልኳት።

መርፌዋን አነሣች፣ የሚቀጥለውን ቁልፍ በጣቷ ፈለገች።

«አዎ» አለች። «ያኔም እንደዚሁ ነበር ያለው።»